ከክፍሉ የወጣ ፋይል

ደጊቱ አራስ እህቷን ለመጠየቅ ግምጃ ቤት ከተማ ሦስት ቀን ከርማ፣ ረቡዕ ጠዋት ዳንግላ ዳር ካለው ማሳዋ ስትደርስ ዛፎቿ አልነበሩም። አንድ ሁለቱ ቢሆን ሌባ ነው ይባላል፤ የሄዱት ግን ሁሉም ነበሩ። አምስት ዓመት ኮትኩታ ያሳደገችው ዲከረንስ፣ ያ የከሰል ዛፍ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ተመንጥሮ፣ ተዳፋቱ ላይ የቀረው ነጭ ጉቶና የተረገጠ ቅጠል ብቻ ነበር።

ነገሩ ከእንጅባራ በወጣ ወረቀት የተሠራ ነው ስለተባለ ጉዳዩ እንጅባራ ለምትሠራው ለኢንስፔክተር የወርቅውሃ ተመራ። የወርቅውሃ መቀመጥ የማትወድ ሴት ናት። ቃል ስትቀበል ትቆማለች፣ ስታስብ ትንጎራደዳለች፣ ሻይ እንኳ የምትጠጣው እየተራመደች ነው። ሳጅን መልካሙ «ወንበር ያቃጥላታል» እያለ ያማታል። ሰምታዋለች፤ ሐሰት ስላልሆነ ዝም ብላዋለች።

«ማን ቆረጠው?» አለች፣ ከጉቶ ጉቶ እየተሻገረች።

«ደሴ ነዋ! የባሌ ወንድም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ዓይኑን ጥሎበት ነበር» አለች ደጊቱ። ከዚያ በኋላ አማርኛው አልበቃት አለና በአዊኛ ቀጠለች። የወርቅውሃም በአዊኛ መለሰችላት። ሴትዮዋ ትንሽ እስክትረጋጋ ድረስ እጇን ይዛት ቆመች።

ደሴ አልተደበቀም። ከማሳው ጥግ ግንዱን ከምሮ ለከሰል ሲያሰናዳ ነው የተገኘው። ፖሊስ ሲያይ መጥረቢያውን አስቀመጠና ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ።

«ምን አጠፋሁ? የራሴን ዛፍ ነው የቆረጥኩ። ፈቃድ አለኝ።»

ወረቀቱ የጥቁር ውሃ ዛፍ አልሚዎች ማህበር የመቁረጫ ፈቃድ ነው። የማሳ ቁጥር 1147፤ ባለይዞታ ደሴ፤ የተሰጠበት ቀን ጥር 28። ከታች ማህተም፣ ከማህተሙ ሥር ፊርማ፦ ይታይሽ ስማቸው፣ መዝጋቢ።

ደጊቱ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ የራሷን ደብተር አወጣች። የማሳ ቁጥር 1147፤ ባለይዞታ ደጊቱ።

«አንድ ማሳ ሁለት ጌታ» አለ መልካሙ።

«አንዱን ጌታ ኮምፒዩተር ነው የወለደው» አለች የወርቅውሃ፤ ወደ መኪናው መራመድ ጀምራ ነበር።

የማህበሩ ዋና ቢሮ እንጅባራ መናኸሪያ አካባቢ ካለ ፎቅ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሆዱ ቀድሞት የሚመጣ፣ እንግዳ ሲቀበል ስለ ኮምፒዩተሩ መናገር የሚወድ ሰው ነበር። «ይሄ ማሽን ከተገዛ ጀምሮ ኢንተርኔት አልነካውም። አንድም ቀን! ከውጭ ማንም አይገባበትም» አለ፣ የልጁን የትምህርት ውጤት እንደሚያወራ አባት።

መዝጋቢዋ ይታይሽ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፤ ጸጉሯን ጥብቅ አድርጋ ትሠራለች። አሠራሩን ስትጠየቅ ሳትደናገር አስረዳች። ማህበሩ ዳንግላ፣ ግምጃ ቤትና ጫግኒ ቅርንጫፍ አለው። ኔትወርኩ የማይታመን ስለሆነ ቅርንጫፎቹ የሳምንቱን ማመልከቻና ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልለው በፍላሽ ይልካሉ። ፍላሹ ፖስታ ውስጥ ይታሸግና ለሚኒባስ ረዳት ይሰጣል። እሷ ፍላሹን ትሰካለች፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት የትእዛዝ መስመር ትጽፋለች፤ ጥቅሉ ይፈታና የዳንግላው ወደ ዳንግላ ፎልደር፣ የጫግኒው ወደ ጫግኒ ፎልደር ይገባል። ዋናው መዝገብ ግን ሌላ ቦታ ነው። እሱን የምትነካው እሷ ብቻ ናት። በወር አንድ ጊዜ ቅርንጫፎቹ እንዲያነቡት ግልባጩን በዚያው ፍላሽ መልሳ ትልክላቸዋለች።

«1147ን አሳዪኝ።»

መዝገቡ መቶ መቶ ማሳ እየሆነ በፋይል የተከፈለ ነው። ይታይሽ ከ1101 እስከ 1200 ያለውን ከፈተች። 1147፣ ደሴ ይላል። ልጅቷ ኢንስፔክተሯ ይዛ የመጣችውን የደጊቱን ደብተርና ስክሪኑን ደጋግማ አየች።

«ደሴ ሲመጣ መዝገቡን አየሁና ፈቃዱን አተምኩለት። አራት ሺህ ማሳ ነው ያለን፤ ማን የማን እንደሆነ በቃሌ አላውቅም። ይሄን ግን እኔ አልለወጥኩትም።»

«ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው መቼ ነው?»

ይታይሽ ጠቅ አደረገች። ጥር 23፣ ከቀኑ 8:14።

መልካሙ ሳቅ አለ። «የፈረሰኞቹ በዓል! ከተማው በሙሉ ሜዳ ላይ ነበር። እኛም ጭምር።»

«የቢሮው ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» አለች የወርቅውሃ።

«እኔ ዘንድ።»

«የይለፍ ቃሉስ?»

«እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።»

«ጥር ሃያ ሦስት ከቀኑ ስምንት ሰዓት የት ነበርሽ?»

ይታይሽ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። «እዚህ አልነበርኩም።»

«በዓሉ ላይ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ የት?»

«እሱን አልናገርም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የወርቅውሃ ቁልፉን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ፊርማውንና ዝምታውን ደመረች። ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ድምር ላይ አይደርስም። ይታይሽ በዚያው ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጣቢያ ገባች። ፍርድ ቤት ሳትቀርብ የምትቆየው እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሥራ አስኪያጁ ከወዲሁ፣ ክስ ከተመሠረተባት ከሥራ ትሰናበታለች፣ በእምነት ማጉደል ስሟ የተነሳ ሰው ደግሞ የትም መዝገብ ቤት አይቀጥራትም አለ።

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ባለው አግዳሚ አንድ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው ላይ የታጠፈ አዲስ ጋቢ አለ።

«የልጅቷ አባት ናቸው» አለ መልካሙ። «መሪጌታ ስማቸው ይባላሉ። ከገጠር ነው የመጡት። ስንት ደብተራ ያስተማሩ ናቸው ይላሉ።»

የወርቅውሃ አጠገባቸው ስትደርስ ብድግ አሉ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።»

«በኋላ፣ የኔታ። ዳንግላ መሄድ አለብኝ፤ መኪናው እየጠበቀኝ ነው።»

«እሺ። በኋላ» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ዳንግላ ሲደርሱ የመኪናው ጎማ ስለተነፈሰ የመጨረሻውን መንገድ በጋሪ ሄዱ። ባለጋሪው ፈረሱን አላጣድፍ አለ። የወርቅውሃ ወርዳ ልትገፋ ምንም አልቀራትም።

የቅርንጫፉ መዝጋቢ ድረስ ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጠረጴዛው ላይ እስክርቢቶዎቹ እንደ ወታደር የተደረደሩ ሰው ነው። ወንበር አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም።

«ይታይሽ መታሰሯን ሰማሁ። በጣም ነው ያዘንኩት» አለ። «ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ግን እንግዲህ የሰው ልብ አይታይም።»

«እርስዎ ዋናውን መዝገብ መለወጥ ይችላሉ?»

«እኔ? በምን እጄ! እኔ የምልከው የሚገባው ዳንግላ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ዋናው መዝገብ ጋ ለመድረስ እንጅባራ ሄዶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ይለፍ ቃሉን ማወቅ ያስፈልጋል።»

«ጥር ሃያ ሦስት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። በዓል ነው ብዬ ሥራ አላቆምኩም፤ ምሳዬን እንኳ እዚሁ ኮምፒዩተሩ ፊት ነው የበላሁት። ዘበኛውን ይጠይቁት፣ ሻይ ያመጣልኝ እሱ ነው።»

«ሌላ ሰው አብሮዎት ነበር?»

«ማንም። ብቻዬን ነበርኩ።»

ዘበኛው እንደዚያው አለ። ድረስ ቃሉን አንብቦ፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካክሎ ፈረመ። የወርቅውሃ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይህን የመሰለ ጥሩ ማስረጃ ያለው ሰው ላይ ጊዜ ማጥፋት አልፈለገችም። ያኔ የሰጣት ወረቀት ምን እንደሆነ አላወቀችም።

እንጅባራ ስትመለስ ከማህበሩ ቢሮ ጩኸት ሰማች። አንዲት ከቆላ የመጣች ገበሬ ሥራ አስኪያጁን ጥግ አስይዛው ነበር።

«ስሜ የት ሄደ? ይመኙሽ ነኝ እኮ! ከጫግኒ ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ! ያቺ ቀጭኗ ልጅ እዚሁ ፊቴ ጻፈችው። ዛሬ ደግሞ ማሳው በሟቹ አባቴ ስም ነው ትሉኛላችሁ! ሰውዬው ከመቃብር ተነስቶ ዛፍ ይቁረጥ?»

በእጇ ይታይሽ የሰጠቻት ማረጋገጫ አለ። የማሳ ቁጥር 1162፤ ስም የዞረበት ቀን ጥር 16።

«ስህተት ነው፤ ይስተካከላል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «መዝጋቢዋ እንደሆነ ታስራለች፤ እንግዲህ ሥራዋን እያያችሁ ነው።»

የወርቅውሃ መንጎራደድ ጀምራ ድንገት ቆመች። 1162 ከ1147 ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ነው።

«የይታይሽ የዕለት ደብተር ይምጣልኝ» አለች። ይታይሽ የምትሠራውን ሁሉ በእጇም የምትጽፍ ልጅ ናት። ደብተሩና ስክሪኑ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ጥር 12 የገባው የ1130 ለውጥ መዝገቡ ላይ አለ። ጥር 16 የገባው የይመኙሽ የለም። ጥር 20 የገባ ሌላ ለውጥም የለም።

«መልካሙ፣ አንዲት መስመር መለወጥ ብትፈልግ ምን ታደርጋለህ?»

«አንዲት መስመር እለውጣለሁ።»

«የራስህን የሳምንት ሥራ አብረህ ታጠፋለህ?»

«ምን በወጣኝ!»

«እንግዲያው መስመር አይደለም የተለወጠው። ፋይሉ በሙሉ ተነስቶ በአሮጌ ግልባጭ ነው የተተካው። የጥር አሥራ ሁለቱን የሚያውቅ፣ የአሥራ ስድስቱን የማያውቅ ግልባጭ።» ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠች። ይታይሽ ግልባጭ የላከችበትንም ጽፋዋለች። ግምጃ ቤት፣ ጥር 9። ዳንግላ፣ ጥር 14። ጫግኒ፣ ጥር 19።

«ዳንግላ» አለ መልካሙ። «ግን ሰውዬው ጥር ሃያ ሦስት ከወንበሩ አልተነሳም። ሳይነሳ እንዴት እንጅባራ ደረሰ?»

እሱን የሚመልስ ሰው ጣቢያው ውስጥ አልነበረም። የወርቅውሃ ጎረቤቷን ኑኃሚንን አስጠራች። ኑኃሚን ኮሌጅ ኮምፒዩተር ታስተምራለች፤ በፕሮቴስታንቶቹ አዳራሽ የመዘምራን መሪም ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የይታይሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይታይሽ የተላከላትን ጥቅል ሁሉ ከመፍታቷ በፊት አንድ ቦታ ገልብጣ ታስቀምጥ ነበር። ኑኃሚን ጥር 26 ከዳንግላ የደረሰውን ሳትፈታ በውስጡ ያለውን ዝርዝር ብቻ አወጣች። ሁለት መቶ ምናምን የፋይል ስም ጥቁሩ ስክሪን ላይ ወረደ።

ኑኃሚን ከወንበሩ ቀና አለች። «አገኘሁት። ነይ እይ።»

«ምኑን? ለእኔ በሚገባኝ ንገሪኝ፤ ለዐቃቤ ሕግ የምነግረው እኔ ነኝ።»

«ጥቅል ውስጥ ያለ ፋይል ስም ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የሚቀመጥበትን አድራሻም ይዞ ነው የሚመጣ። እነዚህ ሁሉ ‹ዳንግላ ውስጥ፣ ፎቶ ውስጥ› ይላሉ። ይቺኛዋ ግን ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ነጥቦችና ዘመም ባለ ሰረዝ ነው የምትጀምረው፤ ሁለት ጊዜ። ሁለት ነጥብ ለኮምፒዩተር ‹ካለህበት ክፍል ውጣ› ማለት ነው። ከዳንግላ ፎልደር ውጣ፣ አሁንም ውጣ፣ ዋናው መዝገብ ክፍል ግባ፣ እዚያ ያለውን ፋይል አንስተህ በእሱ ቦታ እኔን አስቀምጥ ትላለች።»

«ፕሮግራሙስ ዝም ብሎ ይታዘዛል?»

«አዲሶቹ አይታዘዙም። ‹ይሄ ከተፈቀደልህ ክፍል ውጭ ነው› ብለው ይጥሉታል። ይሄኛው አሮጌ ነው። ጉድለቱ ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ሌላው ሰው ሁሉ አድሶታል። እዚህ ግን ማሽኑ ኢንተርኔት አይንካው ተብሎ እንደተጫነ ቀርቷል።»

«ለጥንቃቄ ብለን እኮ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በሩን ቆልፋችሁ በመስኮት ፖስታ ትቀበላላችሁ» አለች ኑኃሚን። «ደግሞ የትእዛዙ መስመር ‹የቆየ ካለ ሳትጠይቅ ተካ› ይላል። ማን ነው የጻፈላችሁ?»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ። ለእያንዳንዱ ፎቶ ‹ልተካው?› እያለ ሰዓት ሲያስፈጅ ጊዜ፣ አይጠይቅ ብሎ ያዘዘው ራሱ ነበር።

«ስለዚህ ጥር ሃያ ስድስት ጥቅሉን የፈታችው ይታይሽ ናት» አለች የወርቅውሃ። «መዝገቡም የተለወጠው በእሷ እጅና በእሷ ይለፍ ቃል ነው፤ ሳታውቀው።»

«ሳታውቀው። የተጻፈበት ሰዓት ደግሞ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ጥቅሉም ውስጥ ጥር 23፣ 8:14 ይላል።» ኑኃሚን መነጽሯን አወለቀች። «አንድ ሌላ ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ለቅርንጫፍ ሠራተኞች ስልጠና ስሰጥ ይሄንኑ ጉድለት አሳይቻቸዋለሁ። እንዲጠነቀቁ ብዬ ነበር። ድረስ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለቴ አስደገመኝ። ይታይሽ ቢሮ ጠብቂ ተብላ አልመጣችም። እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።»

የወርቅውሃ ከመስኮቱ እስከ በሩ ስትመላለስ ቆየች። ነገሩ ገብቷታል፤ ግን አልበቃትም። ድረስ ‹ጥቅሉ የተቀመጠው እሷ ማሽን ላይ ነው፤ በዓል ቀን ብቻዋን ገብታ እሷው ናት ሠርታ የከተተችው› ቢል ምን ይመለስለታል? ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው። የት እንደነበረች ደግሞ አትናገርም።

«ይቺ ግትር ልጅ የት እንደነበረች ብታወራ እኮ!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው።

ኑኃሚን ሥራ አስኪያጁ እስኪወጣ ጠበቀች። «እኛ ዘንድ ነበረች» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አዳራሹ ውስጥ፣ የመዝሙር ልምምድ ላይ። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት። ሃያ ሰው ይመሰክራል። የመጣችው ያን ቀን ከተማው ሁሉ ሜዳ ስለሚሆን ማንም ሲገባ አያየኝም ብላ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?»

«በእግዜር ስም ለምናን ነው። አባቷን አይተሻቸዋል? ዕድሜያቸውን በሙሉ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙ ይሞታሉ፣ እታሰራለሁ እንጂ አላደርገውም አለች።»

የወርቅውሃ ተናደደች። በይታይሽ ተናደደች፣ በኑኃሚን ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ልጅቷን ባሰረችው በራሷ ተናደደች። ሃያ ምስክር ጠርታ ዛሬውኑ ልትፈታት ትችላለች። ቃላቸው ግን መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ አዛውንቱም በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለኝ» አለች። «ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። ካጣሁ ግን እጠራችኋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ጣቢያ ስትመለስ መሪጌታ አሁንም ተነሱ። «ልጄ፣ ያቺን ነገር...»

«በኋላ፣ የኔታ! ስለ እርስዎ ልጅ ነው የምሯሯጠው።»

«እሺ።»

ከውስጥ፣ ከሴቶቹ ክፍል፣ ቀስ ያለ የመዝሙር እንጉርጉሮ ይሰማ ነበር። ተረኛዋ ፖሊስ «ጠዋት ማታ እንዲህ ናት፤ ድምጿስ ድምፅ ነው» አለች። የወርቅውሃ ሽማግሌው እንዳይሰሙ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የወርቅውሃ ከጣቢያው ፊት ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ብርጭቆዋን ይዛ ትንጎራደዳለች። ከውስጥ ዘፈን ይጮሃል። ድንገት መብራት ጠፋና ዘፈኑ ቃል መሐል ተቆረጠ። ሰዉ በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ።

ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። ያን ቀን ሜዳው ላይ እሷም ነበረች፤ ፈረሶቹ ሊለቀቁ ሲሉ የድምፅ ማጉያው እንዲሁ ቃል መሐል ዝም ብሎ፣ አስተዋዋቂው በባዶ ጉሮሮው ሲጮህ ሕዝቡ ስቆበት ነበር። ጄኔሬተር እስኪመጣ ፖሊሶቹ ሰዉን በእጃቸው ነበር የሚመልሱት። ይህን ሁሉ በዓይኗ አይታ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ አላሰበችውም።

«መልካሙ! ጥር ሃያ ሦስት መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ?»

መብራት ኃይል ሄደው የብልሽት መዝገቡን አስገለጡ። የጭነት መኪና መናኸሪያው አጠገብ ምሰሶ ገጭቶ፣ ከተማው ከሰባት ሰዓት ከሃያ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ጨለማ ነበር። ዳንግላ ግን ቀኑን ሙሉ መብራት ነበረው። ከዚያ ኑኃሚንን አስከትለው በሩጫ ማህበሩ ቢሮ ገቡ።

«ኮምፒዩተሩ ያለ መብራት ይሠራል? ባትሪ መሳይ ነገር የለውም?»

ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ጥቁር ሳጥን ጠቆመ። ላዩ ላይ የሻይ ብርጭቆዎች ተደፍተዋል። «ዩፒኤሱ? ከሞተ ዓመት ሆነው። ጄኔሬተርም የለንም።» ኑኃሚን የማሽኑን ሰዓት ከስልኳ ጋር አስተያየችው። በአንድ ደቂቃ እንኳ አይለያዩም።

በስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት እዚህ ቤት ምንም ነገር ሊጻፍ አይችልም ነበር። መልካሙ ነገሩ ገብቶት ሲስቅ የወርቅውሃ ደረጃውን ግማሽ ወርዳለች።

ኑኃሚንን ይዘው ዳንግላ ሲገቡ ከደጊቱ ማሳ ላይ ቆሙ። ሴትዮዋ ጉቶዎቹ መሐል ተቀምጣ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድረስ የሚባል፣ ማህበሩ ቢሮ የሚሠራ ሰው ታውቂያለሽ?»

«የደሴን አበልጅ? የመጨረሻ ልጁን ክርስትና ያነሳለትን?» ደጊቱ ግራ ተጋባች። «አገሩ ሁሉ ያውቀዋል እኮ። ቤቱ አይጠፋም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

የወርቅውሃ ወደ መኪናው አመራች።

ድረስ እንደ ሐሙሱ ወንበር አቀረበ። የወርቅውሃ እሱ የፈረመበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ እስክርቢቶዎቹ ፊት ዘረጋችው።

«ቃልዎን ይለውጣሉ?»

«ለምን እለውጣለሁ? እውነት ነው የተናገርኩት።»

«ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ብቻዎን፣ እዚህ ኮምፒዩተር ፊት።»

«አዎን። ዘበኛውም መስክሯል። እንጅባራ አልረገጥኩም።»

«ማንም አልረገጠም። ያ ፋይል በተጻፈበት ሰዓት እንጅባራ መብራት አልነበረም፤ መብራት የነበረው እዚህ ነው። የተጻፈውም ዳንግላ ከነበረው ግልባጭ ላይ ነው፤ የመጣውም በዳንግላ ፖስታ ነው። የቀረን ጥር ሃያ ሦስት ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ወንበር ላይ ማን እንደነበረ ማወቅ ነበር። እሱን ደግሞ እርስዎ ፈርመው ሰጡኝ።»

ድረስ ወረቀቱን አነበበ። ነጠላ ሰረዙ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ኑኃሚን ከኋላ ገብታ «ኮምፒዩተርህን ልየው» ስትለው ፊተኛው ወንበር ላይ ሆኖ ያስደገማትን መምህርት አወቃት። ላቡ ሸሚዙን ያኔ ነው ያረጠበው።

«እነሱ ናቸው ጥፋተኞቹ» አለ በመጨረሻ። «በር ክፍት ትተው...»

«በሩን እነሱ ክፍት ተዉት፤ እርስዎ ደግሞ በዚያ በር ገብተው የአንዲት ሴት አምስት ዓመት ቆረጡ። ከዚያ ተርፎ ልጅቷ ስትታሰር ‹የሰው ልብ አይታይም› አሉኝ። ይነሱ።»

ኑኃሚን ፋይሉን ከነሙከራው ማሽኑ ላይ አገኘችው። ደሴም መጥረቢያውን እንደያዘ ነው የተያዘው። ግንዱ ለደጊቱ እንዲጠበቅላት ዘብ ቆመበት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የወርቅውሃ የሴቶቹን ክፍል በር ራሷ ከፈተች።

«ሂጂ። ነፃ ነሽ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ይገባኛል፤ ይቅርታ።»

ይታይሽ ቶሎ አልተነሳችም። «የት እንደነበርኩ ጻፉት?»

«አልጻፍኩም። መብራት እንዳልነበረ ነው የጻፍኩት። ዕቃሽን ሰብስቢ፤ ወረቀት ትፈርሚያለሽ።»

በሩ ላይ መሪጌታ ስማቸው ጋቢያቸውን ይዘው ሊነሱ ሲሉ የወርቅውሃ በእጇ አስቆመቻቸው። ከዚያ አግዳሚው ላይ፣ አጠገባቸው፣ ተቀመጠች።

«የኔታ፣ ሊነግሩኝ የፈለጉት ምን ነበር?»

«አሁንማ ተፈታች አሉኝ። ምን ያደርጋል።»

«ልስማው።»

ሽማግሌው ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ጥር ሃያ ሦስት ከቅዳሴ በኋላ ይቺን ጋቢ ላቀብላት መጥቼ ነበር። ቤቷ የለችም። በዚያ በአዳራሹ በኩል ሳልፍ የሜዳው ጩኸት ድንገት ዝም አለ። መብራት ጠፍቶ ነው አሉ። ከተማው ጸጥ ሲል ከውስጥ የሚዘምሩት ተሰሙኝ። ከሁሉ መሐል ድምጿን ለየሁት። እንዴት አልለየው? ‹ሀ› ከማለቷ በፊት ዜማ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።»

የወርቅውሃ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ቆሜ ሰማኋት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አልቅሻለሁ፤ ምን እደብቅሻለሁ። ከዚያ ጋቢውን ይዤ ተመለስኩ። ረቡዕ መታሰሯን ስሰማ፣ ለምን እንደታሰረችም ሲነግሩኝ፣ ያን ሰዓት የት እንደነበረች የማውቅ እኔ ነኝ፣ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ መጣሁ። አንቺ ግን ሥራ በዝቶብሻል።»

ሁለት ቀን። ሁለት ቀን ሙሉ ልጅቷ ለአባቷ ስትል ውስጥ ታስራ፣ አባትየው ለልጃቸው ሲሉ ውጭ ተቀምጠው፣ እሷ በመሐላቸው እየሮጠች ‹በኋላ› ስትል ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ልትደብቀውም አልሞከረች።

«ይንገሯት፣ የኔታ። ማወቅዎን ይንገሯት።»

«አይሆንም። እሷ ትንገረኝ። እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ እንደሆነ አላስቸገረኝም። አንቺም አደራ።»

ይታይሽ ፌስታሏን ይዛ ወጣች። አባቷን ስታይ ቀድማ አንገቷን ደፋች፣ ቀጥላ ጉልበታቸውን ሳመች። መሪጌታ ጋቢውን ዘርግተው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት።

«ብዙ ጠበቁ፣ አባ?»

«አይ፣ አሁን መድረሴ ነው። ነይ፣ እንሂድ።»

ጎን ለጎን ወደ መናኸሪያው ወረዱ። ጥቂት እንደሄዱ ይታይሽ ቆም ብላ አንድ ነገር ልትናገር ስትል ታየች፤ አባትየውም አብረዋት ቆሙ። ከዚያ መንገዱ ታጠፈ።

ሳጅን መልካሙ የሚፈረም ወረቀት ይዞ ሲወጣ የወርቅውሃን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኛት። እንዲህ አይቷት ስለማያውቅ፣ አሟት እንደሆነ ጠየቃት።